ላፕቶፔን ሊያዩ ለሚመጡ ሰው



  ላፕቶፔ ደህና አይደለም።

ልሸጠው ነው። ሊገዙት ይምጡ አይምጡ ባላውቅም፣ ከእቃው በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ፈልጌያለሁ። እንድጽፈው ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው፤ እሳቸው ጋ በኋላ እደርሳለሁ። ለጊዜው ይህን ይያዙልኝ፦ የጌም ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ 15.6 ኢንች ነው፣ ኪቦርዱ ሌሊት ቀይ ያበራል፣ ቻርጀሩ እንደ ጡብ ይከብዳል፣ ግራፊክስ ካርዱም እየሞተ ነው። «እየሞተ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቢሞትማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር፤ የሞተ እቃ ማንንም አያታልልም።

የጌም ላፕቶፕ ስላልኩ ቀኑን ሙሉ ስጫወት የምውል እንዳይመስልዎ። ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ሰርግ ነው። የማውቃቸው አርክቴክቶችና ማስታወቂያ ሠሪዎችም የያዙት ይህንኑ ዓይነት ነው፤ ካርዱ ለጌም ይሠራ እንጂ የቬሎ ነጭ ሲስተካከልም፣ የሕንፃ ሥዕል ሲወጣም የሚለፋው እሱው ነው። ማታ ማታ ደግሞ፣ አልዋሽዎትም፣ ኳስ እጫወትበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው፣ በሰርግ ወር። አራት ሰርግ ተደራርቦብኛል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ቬሎው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አየሁ። የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት መሰለኝ። ወደ ኋላ መልሼ አጫወትኩት፤ ነጠብጣቦቹ ቦታ ቀይረዋል። አቆምኩት። ሙሽራዋ እጇ ቢላው ላይ እንዳለ ቀጥ አለች፤ ነጠብጣቦቹ ግን አልቆሙም።

መጀመሪያ ካሜራውን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ሚሞሪ ካርዱን። ፋይሉን ወደ ስልኬ ገልብጬ ስከፍተው እንደ ወተት ንጹሕ ነው። ያን ሌሊት ያላስተዋልኩት ትልቁ ፍንጭ ግን እዚያው ስክሪኑ ጥግ ላይ ነበር፤ ሰዓቱ። አንድም ነጠብጣብ አልነካውም። የተበላሸው የኤዲቲንግ መስኮቱ ብቻ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ፤ በኋላ ሲገዙ ይጠቅምዎታል። በአብዛኛው የጌም ላፕቶፕ ውስጥ ሥዕል የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ነው፤ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ ብዙ ጉልበትም የለውም። ዴስክቶፑን፣ ሰዓቱን፣ ጽሑፉን የሚሥለው እሱ ነው። ሁለተኛው ገንዘብዎን የከፈሉበት ጉልበተኛው ካርድ ነው፤ ከባድ ሥራ ካልመጣ ተኝቶ ይውላል። ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ ብሎ ባወጣው አሠራር ጉልበተኛው የሣለውን ለትንሹ ያቀብለዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያደርሰው ትንሹ ነው። ስለዚህ ጉልበተኛው ሲታመም የሚታመመው የራሱ መስኮት ብቻ ነው፤ የቀረው ስክሪን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። አንድ ላፕቶፕ ካርዱ ሞቶም ዩቲዩብ ላይ ክሊፕ አሳምሮ ሊያጫውት ይችላል ማለት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቢችሉ ሁለቴ ያንብቧት። እኔ የተሸወድኩት በእሷ ነው።

ያን ሌሊት ከሩብ ሰዓት በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ተመለሰ፤ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደነበረና እንደገና እንደተነሣ የሚናገር መልእክት ወጣ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል፤ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል ድምፁን ካጠፋ ራሱ ቀስቅሶ ያስነሳዋል። በወር አንዴ ቢሆን ማንም ላይ ይደርሳል። እኔ ግን ያን ሌሊት እስኪነጋ ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ በሰባተኛው ሰማያዊው ስክሪን መጣና ቁጭ አለ።

ሰው ሲታመም መጀመሪያ «ብርድ ነው» እንደሚባለው ሁሉ፣ ኮምፒዩተር ሲታመምም መጀመሪያ «ድራይቨር ነው» ይባላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ድራይቨር መቀየር ገንዘብ አያስወጣም። በሴፍ ሞድ ገብቼ፣ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም አሮጌውን ከሥሩ ነቅዬ፣ የቀድሞውን ጫንኩ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። ሁለት ቀን ሰላም የሆነው ሁለቱንም ቀን ሰርግ ቤት ካሜራ ይዤ ስለዋልኩ መሆኑ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ያኔ በእርጋታ መመርመር ጀመርኩ። ነጠብጣቡ ሲመጣ ስክሪንሾት አነሣሁና በቴሌግራም ወደ ስልኬ ላክሁት። ስልኬ ላይም ነጠብጣቡ አለ። ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ኬብል ቢሆን ኖሮ ስክሪንሾቱ ንጹሕ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከሥዕሉ ምንጭ ነው። ቀጥዬ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ላይ በኤችዲኤምአይ ሰካሁት። የእኔ ላፕቶፕ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ ከጉልበተኛው ካርድ ጋር የተያያዘ ነው (ሁሉም እንዲህ አይደሉም)፤ ቴሌቪዥኑ ከዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ ፍንጣቂ ተሞላ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደሞ ምን ከፈትክበት?» አለችኝ።

ሙቀቱን ለካሁ፤ ሥራ በጀመርኩ በአምስት ደቂቃ 87 ዲግሪ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ካርዱ ለሻይ 5 ዲግሪ ነው የቀረው ማለት ነው።

ስለ ከፍታችን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲወራ አልሰማሁምና። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ ያንኑ ያህል አየር ይስባል፤ የሚስበው አየር ግን ቀጭን ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾች ላፕቶፑ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንደሚሠራ ይጽፋሉ፤ ይሠራል፣ ግን ትንፋሽ እያጠረው። ጃንሜዳ መሮጥ እንግዳን የሚያቃትተውን ያህል መሆኑ ነው።

እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ጋቢ ጨመርኩበት። ብርድ ነው፣ አልጋ ላይ ነኝ፣ ላፕቶፑ ጋቢው ላይ። ከሥሩ ያሉት የአየር ማስገቢያዎች ታፍነው፣ ፋኑ ጥጥ እየሳበ። የታችኛውን ክዳን ስፈታ ያየሁትን አልረሳውም፤ በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ስስ የመዳብ ክንፎች መካከል፣ እንደ ተዳመጠ ጥጥ የጠበቀ፣ ግራጫ ቁራጭ ቆሞ ነበር። በወረንጦ ሳወጣው ሳይበጠስ እንደ ጨርቅ ወጣ። ከኋላው ያለው ክንፍ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም ነበር። በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ፔስት ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል።

ፋኑን በጣቴ ይዤ አቧራውን ነፋሁ (ካልተያዘ በነፋሱ ግፊት ከልኩ በላይ ዞሮ ሊጎዳ ይችላል)፤ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ የላፕቶፑን የኋላ እግሮች ሁለት ቆርኪ ላይ አስቀመጥኩ። ሙቀቱ ከ87 ወደ 74 ወረደ። ደስ አለኝ፣ ሰርጉን ከፈትኩት። ነጠብጣቦቹ እዚያው ናቸው።

ሙቀቱ ወርዶም ነጠብጣቦቹ ለምን እንዳልጠፉ ለመረዳት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ማደግ ይበቃል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮው ይለጠጣል፤ ማታ ሲበርድ ይሰበሰባል። ጣሪያው ላይ ድመት የሄደ ይመስል ጣ፣ ጣ የሚለው ያኔ ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን እንደ ቆርቆሮው አይለጠጥም። በሁለቱ መካከል ሆኖ መከራውን የሚችለው ምስማሩ ነው። በአንድ ቀን ምንም አይሆንም። በዓመታት ግን ይላላል፤ አንድ ክረምት ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ይጀምራል። ያኔ ለቆርቆሮው ጥላ ቢሠሩለት የላላው ምስማር ተመልሶ አይጠብቅም።

በካርዱ ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። ሲሊከን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚለጠጠው ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ነው፤ የተቀመጠበት መሠረት ደግሞ 15 እጅ አካባቢ። በመካከላቸው ምስማር ሆነው የሚያገለግሉት የፀጉር ውፍረት ያህል የሆኑ የሶልደር ነጥቦች ናቸው። ከመሠረቱ ሥር ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ተለቅ ያሉ ኳሶች ሌላ ረድፍ ሠርተዋል። ጌሙን ሲከፍቱ ከ40 ወደ 85 ዲግሪ ይወጣል፣ ሲዘጉ ይወርዳል፤ ነገ እንደገና። አንድ ነጥብ በጥቂቱ ሲሰነጠቅ መረጃው አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም። ቬሎው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የታየኝ ያ ነው ማለት ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኢንቪዲያ አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ በተሠሩበት ማቴሪያል ድክመት የተነሣ ከልክ በላይ እየተበላሹ መሆኑን ገልጾ፣ ለዋስትናና ለጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አፕል በዚሁ ሰበብ የተበላሹ ማክቡክ ፕሮዎችን በነጻ እንደሚጠግን ተናገረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ 360 ብልሽት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሟል። የእኔው የሌላ ዘመን ላፕቶፕ ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይገናኝም፤ ፊዚክሱ ግን አልተቀየረም። ልዩነቱ እነዚያ ገዢዎች የሚጮኹበት በር ነበራቸው። እኔ ከሰው እጅ የገዛሁት፣ እሱም በሻንጣ ያስመጣው እቃ ላይ ምን ዋስትና እጠይቃለሁ?

መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፤ በእሱ በኩል ቅሬታ የለኝም። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቺፑን ዞር ዞር አድርጎ አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ከዚህ በፊት ተነክቷል» አለኝ።

በቺፑ ዙሪያ እንደ ደረቀ ማር የሚያብለጨልጭ ቡናማ ነገር ነበር። ፔስት ስቀይር አይቼው የፋብሪካ ሙጫ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ልጁ በወረንጦ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ቅርፊቱ ተነሣ። ሶልደር ሲቀልጥ እንዲሳካ የሚጨመር ፍላክስ ነው፤ ፋብሪካ እንዲህ አዝረክርኮ አይልክም። አንድ ሰው ከእኔ በፊት ይህን ቺፕ በሆት ኤር አሙቆታል። ከዚያ ለእኔ ሸጦታል። የገዛሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ሻጩ የከፈተልኝ የዘፈን ክሊፕ ነበር፣ ያውም በጥራት። እኔም ቀለሙን አድንቄ ብሩን ቆጠርኩ።

«ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ላሙቀው፤ ይነሣል። እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልምልልዎትም።»

ቺፑን ቀይሮ መትከል ሌላው መንገድ ነው። ችግሩ እንኳን ማሽኑና እጁ፣ ቺፑ ራሱ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከወደቀ ቦርድ የተነቀለ መሆኑ ነው፤ እሱስ በፊት ምን ያህል እንደተሠቃየ ማን ያውቃል። ሙሉ ማዘርቦርድ ማስመጣት ደግሞ አለ። በላፕቶፕ ላይ ካርዱ እንደ ዴስክቶፕ ተነቅሎ የሚሰካ አይደለም፤ ከጥቂት ሞዴሎች በቀር እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ስለዚህ ካርድ ሲሉ ፕሮሰሰሩንም አብረው ነው የሚገዙት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ይህ ሐሳብ ራስ ያሳክክ ነበር፤ ገበያው ተለቆ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ራስ ማሳከኩም ቀረ።

አሞቀው። ሠራ። እንዴት ያለ ደስታ ነው! 23 ቀን ሙሉ ሁለት ሰርግና አንድ ክርስትና ጨረስኩበት፤ ማታም ኳሴን ተጫወትኩ። በ24ኛው ቀን ነጠብጣቡ መጣ። ተመልሼ ሄድኩ፤ እንደገና አሞቀው። ለሁለቱ ማሞቂያ የከፈልኩት አንድ ደህና ሀርድ ዲስክ ይገዛልኝ ነበር።

ማሞቅ ለምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደማይሠራም ማወቅ አለብዎት። ሊድ የሌለበት የዛሬው ሶልደር የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ቢሞቅ እንኳ ቺፑ ተለጥጦ የተሰነጠቀው ነጥብ ለጊዜው ይነካካል። የላላውን ምስማር በመዳፍ ገፋ እንደማድረግ ነው፤ አልተመታም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙትን ትልልቆቹን ኳሶች በሙሉ አንሥቶ በአዲስ የሚተካ ባለሙያ አለ፤ ሪቦል ይሉታል። ችግሩ ከእነሱ ከሆነ ጥሩ ጥገና ነው። ሲሊከኑ ሥር ያሉትን ትንንሾቹን ግን ማንም በሆት ኤር አይደርስባቸውም። ውጭ አገር ቦርዱን ነቅለው የዳቦ ምድጃ ውስጥ የሚከትቱም አሉ። እኔን ከጠየቁኝ ከዚያ ምድጃ የወጣ ድፎ ዳቦ አልበላም።

አንድ ነገር ለልጁ ፍትሕ ልናገርለት ይገባል። ማሞቅ ከመጀመሩ በፊት የካርዱን ሚሞሪ መርምሯል። አንዳንዴ የታመመው ዋናው ቺፕ ሳይሆን በዙሪያው ከተደረደሩት የሚሞሪ ቺፖች አንዱ ነው፤ እሱ ብቻ ተነቅሎ ሲተካ ካርዱ እውነተኛ ፈውስ ያገኛል። ነጠብጣቡ ተመሳሳይ ስለሆነ በዓይን አይለይም። የእኔው አልሆነም። ሳይመረምር ገና ከደጅ «ላሙቀው» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ግን ላፕቶፕዎን ይዘው ይውጡ።

ሁለተኛው ማሞቂያ በተደረገ ማግስት ላፕቶፑን ለሽያጭ አወጣሁት። አዎ፣ እያወቅሁ። ፎቶ አነሣሁ፣ «ምንም እንከን የሌለው» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ያኔ ለራሴ የነገርኩትን ሰበብ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እኔስ እንዲህ አይደል የገዛሁት?»

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ አርክቴክቸር ገብቷል፤ ዝም ያለ ልጅ ነው። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ዩቲዩብ ላይ ገባ፣ አንድ ክሊፕ አጫወተ፣ በስክሪኑ ጥራት ፊቱ በራ። እኔ ያደረግሁትን አደረገ። እናትየው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጅ ይዘውታል።

«ወንድሜ፣ እቃው ሰላም ነው?» አሉኝ።

«ሰላም ነው፣ እናቴ።»

ከዚያ ልጁ ባትሪውን ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ቻርጀሩን አየ። እናትየው ቦርሳውን መክፈት ጀመሩ። ዚፑ አልከፈትም ብሎ ያዛቸው። ያን ጊዜ ነው እኔ ያላሰብኩትን የተናገርኩት፤ «ቆይ፣ ጌም ላይም እንየው» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም፤ ጽድቅ ነው ብዬ አልከራከርም። ዚፑ ወዲያው ቢከፈት ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ኳሱን አስጀመርኩት። ልጁ ተጫወተ፤ አንድ ጎል አገባ። በ11ኛው ደቂቃ የበረኛው ፊት አረንጓዴ ሆነ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

ነገርኳቸው። ሙቀቱን፣ መገናኛውን፣ ፍላክሱን፣ ሁሉንም። እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ ቦርሳቸውን ዘጉት፤ አሁን ዚፑ እሺ አለ።

«ታዲያ ይህን ማስታወቂያው ላይ ብትጽፈው ምን ነበር? ከሰሚት ድረስ በሁለት ታክሲ ነው የመጣነው» አሉኝና ተነሡ።

እነሆ ጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልበተኛውን ካርድ አስተኝቼዋለሁ። በዲቫይስ ማኔጀር ገብቼ ዲሴብል አልኩት፤ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨር መልሶ እንዳይጭንበትም ከለከልኩ። ካርድዎ ብሶበት ዴስክቶፕ ላይ እንኳ አላደርስ ካለዎ በሴፍ ሞድ ገብተው ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክትና ኮድ 43 ካዩ ዊንዶውስ ካርዱ ችግር ሪፖርት ስላደረገ አቁሜዋለሁ እያለዎት ነው፤ ድራይቨር ቀይረው ካልጠፋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መጀመሪያ ነው።

ካርዱ ሲተኛ ቤቱ ጸጥ አለ። ፋኑ አይጮኽም፤ ከ2 ሰዓት የማይበልጠው ባትሪ ወደ 5 ሰዓት ተጠጋ። መብራት ሲጠፋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በዋናነት በካርድ ጉልበት የሚሠራ ስለሆነ ተውኩት፤ ፕሪሚየር ግን በፕሮሰሰር ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ቪዲዮዎቹን አስቀድሜ ወደ ትንንሽ ቅጂ ቀይሬ በእነሱ ላይ እቆርጣለሁ። ማታ ኤክስፖርት አስጀምሬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ቁርስ ስበላ 80 በመቶ ላይ አገኘዋለሁ። በፊት 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሥራ ነው። ኳሱን ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሄጄ ከልጆች ጋር እጫወታለሁ፤ ያሸንፉኛል።

ላፕቶፕዎ ገና ጤነኛ ከሆነ፣ ወይም ነጠብጣቡ ትናንት ማታ ገና የታየዎ ከሆነ፣ ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነዎት። ከሁሉ በፊት ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሥራ መሃል ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ካርዱ ብቻውን አይሄድም። አቧራውን ያስነፉ፣ ፔስቱን ያስቀይሩ። ጌም ላይ ፍሬሙን 60 ወይም 30 ላይ ይገድቡት፤ በሰከንድ 140 ሥዕል ሲሣል ካርዱ ይሠቃይበታል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ፍጥነት 200 ሜጋኸርዝ ያህል ዝቅ ማድረግም ያግዛል፤ የደከመ ካርድ በዚህ ብቻ ወራት ሲቆይ አይቻለሁ። ፈርማርክ የሚባለውን ማስጨነቂያ በታመመ ካርድ ላይ አያስጀምሩ፤ በሽተኛን እንጦጦ አስሩጦ ልቡን መለካት ነው። ጋቢውን ደግሞ ለራስዎ ይልበሱት።

የሰው እጅ ላፕቶፕ ሲገዙ ክሊፕ አይዩ፤ ጌም ይክፈቱ፣ ሰዓት ይያዙ። የራስዎን የኤችዲኤምአይ ኬብል ይዘው ይሂዱ። የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ጭንቅላት ይመልከቱ፤ ከተላጡ አንድ ሰው ገብቷል ማለት ነው፣ ለምን እንደገባ ይጠይቁ። ሻጩ «ጌም አልጫንኩበትም» ካለዎ በፍላሽ ይዘው ይሂዱለት።

አሁን ወደ ሽያጩ ልመለስ። ላፕቶፑ ለቢሮ ሥራ፣ ለጽሑፍ፣ ለፊልም፣ ለትምህርት የሚሆን እንጂ ለጌምና ለሥዕል ሥራ የሚሆን አይደለም፤ ዋጋውንም ያወጣሁት በዚያው ነው። ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፣ ኤስኤስዲው ጤነኛ ነው፣ ስክሪኑ ምንም የለበትም። ካርዱ ተኝቶ ሳለ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው አይሠራም፤ ፕሮጀክተር የሚጠቀሙ መምህር ከሆኑ ይህን አይርሱ። ከታች አንድ ብሎን ጎድሏል፤ እኔ አይደለሁም የጣልኩት። ሁለቱን ቆርኪ እጨምርልዎታለሁ።

ለማየት ከመጡ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፤ ባለቤቴ ቡና ታፈላለች። ካርዱን ቀስቅሼ ኳሱን አስጀምርልዎታለሁ፤ እርስዎም ተቀምጠው ይጫወታሉ። አቦሉን እስኪጠጡ ምንም አያዩም። ቶናው ሳይቀዳ በረኛው አረንጓዴ ይሆናል።